ከባዱን ጨዋታ የመረጠበት እሁድ

ሁለት ጨዋታ ነበረን፤ አንዱን ከባዱ፣ ሌላውን ቀላሉ እንላቸው ነበር። ሁለቱም ጠረጴዛ ተከቦ በአፍ የሚካሄዱ ናቸው። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ ሌሎቹ በሐሳባቸው የፈጠሩትን አንድ አንድ ሰው ይዘው ይገባሉ። አጫዋቹ «ከፊታችሁ ዋሻ አለ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ይተነፍሳል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ደግሞ ዕጣ ነው። ተረት ነው በሉት፤ ብቻ ተራኪውም መጨረሻውን የማያውቀው ተረት ነው። አጫዋቿ እኔ ነበርኩ።

ከባዱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ ከዶርም ዶርም ሲዞር በኖረ ፍላሽ ውስጥ ከፊልምና ከዘፈን መሐል ተወሽቆ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የሕጉ ብዛት የሚያስደነግጥ መጽሐፍ ነው። ተመርቄ ዲላ ማስተማር ስጀምር ቀስ በቀስ እያሳተምኩ ጠረዝኩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀንዳም ፍጡር አይቶ «እህቴ፣ ይሄ ነገር የጥንቆላ አይደለም አይደል?» አለኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ነግሬው እንኳ ወረቀቱን የሚያነሳው በጣቱ ጫፍ ነበር።

በከባዱ ውስጥ ጀግና ሆኖ የሚጀምር የለም። አይጥ አዳኝ ትሆናለህ፣ መቃብር ቆፋሪ ትሆናለህ፣ ጫማህ ያፈሳል። የተሸከምከው ዕቃ ይመዘናል፤ ስንቅህ ካለቀ ጉልበትህ ይደክማል፤ ችቦህ ከጠፋ ጨለማ ነው፣ ምሕረት የለም። ጦር ከወጋህ የት ቦታ እንደወጋህ፣ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰህ፣ ቁስሉ ያመረቅዝ እንደሆነ ሁሉ የየራሱ ሕግ አለው። ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ያስፈልጋል ይላል መጽሐፉ። እንዲህ ያለ ነገር ዲላ ገበያ ቀርቶ ሐዋሳም ስለማይገኝ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቤ በማርከር ቁጥር ጻፍኩባቸውና በጨርቅ ከረጢት ከተትኳቸው። ዳይስ በመጣል ፈንታ እጅ ሰዶ ቆርኪ ማውጣት ሆነ።

ቀላሉ ሁለት ገጽ ነው። አንዲት የሉዶ ዳይስ ትበቃዋለች፤ አራትና ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካ፣ ካልመጣ ደግሞ ነገሩ ተወሳሰበ እንጂ አለቀ ማለት አይደለም። ስንቅ አይቆጠርም፣ ቁስል አይመረመርም። ሰውህ የሚሞተው አንተ ራስህ «እዚህ ጋ ይሙት፣ ያምርበታል» ካልክ ብቻ ነው። እኔ ቀላሉን ንቄው ነበር፤ ሕፃናት አፈር አቡክተው «ይሄ ወጥ ነው» የሚሉበት የእቃቃ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ከልጅነቴ ስጉ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ ተመልሼ የማይ፣ ስልክ ከጮኸ ሰው ሞተ ብዬ የምነሳ። ከባዱን የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል፤ እዚያ ፍርሃቴ ቁጥር ነበረው። ከስምንት በታች ከወጣ ሞት፣ ከስምንት ጀምሮ ሕይወት፣ ከዚያ ውጭ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

ቀላሉን ያመጣችው ነርሷ ናት። አብረን ያደግን ጓደኛዬ ናት፤ ሆስፒታል የምትሠራው ቁስለኛ በሚተኛበት ክፍል ነው። «ሳምንቱን ሙሉ ቁስል ሳጥብ ከርሜ እሁድንም ቁስል?» ትለኛለች። «ሴትዮ፣ እኔ ድራጎን ላይ ተቀምጬ መብረር ነው የምፈልገው። አንቺ ደግሞ ስንት ጥቅል ፋሻ እንደያዝኩ ትጠይቂኛለሽ!»

ሦስተኛችን ከዲላ ወደ ደቡብ ያለችው የገደብ ከተማ ልጅ ነው፤ የገደቡ እንለዋለን። እዚያው ገደብ አካባቢ፣ ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ቀበሌ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ ገበሬው የሚያመጣውን እሸት ቡና መዛኝ ነበር፤ ለእሁድ ዲላ አጎቱ ቤት ይመጣል። እሱ ከባዱን ከእኔም በላይ ይወዳል። ጠረጴዛችን ላይ አንድ ሕግ የጨመረው እሱ ነው፦ የሞት ቆርኪ፣ ማለትም ሰው ይሙት ይዳን የሚወስነው ቆርኪ ሲወጣ፣ ለሁሉም እንዲታይ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። «የሚዛኑን መርፌ ገበሬው ካላየው ሚዛን አይባልም» ይላል። እኔም ሕጉን አክብሬ የፈጠራቸውን ሰዎች በየተራ ገድያቸዋለሁ። አንዱን በተቅማጥ፣ አንዱን በገደል፣ አንዱን ደግሞ በልደቱ ቀን። ነርሷ «ጨካኝ!» ስትለኝ እሱ ይስቅና አዲስ ሰው የሚጽፍበት ወረቀት ይጠይቀኛል። እንዲህ ያለ ተጫዋች ከየት ይገኛል።

የምንጫወተው ከአባቴ ሚስማርና ቆርቆሮ ሱቅ ጀርባ ባለችው መጋዘን ነው። እሁድ ሱቁ ዝግ ነው። በግቢው በኩል ያለው በር ክፍት ይተዋል፤ እናቴ በሰበብ አስባቡ ብቅ እያለች «ይሄ ነገር አያልቅም?» ትላለች።

የዚያን ወር የገደቡ እናት ታማ ሐዋሳ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሱ ሲያስታምም ሰንብቶ ሐሙስ ተመለሰ፤ ተሽሏታል ብለው ነው የላኩት፣ የቡናው ጊዜ ስለሆነ ሥራውን እንዳያጣ። እህቱ አጠገቧ ቀረች።

እሁድ ከምሳ በኋላ እኔና ነርሷ ጠረጴዛውን እያጸዳን ሳለ አጎቱ በግቢው በር ገባ። የእናቱ ወንድም ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ እርጋታው የታወቀ ሰው። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘና አልቀመጥም አለ።

«ልጆቼ፣ እህቴ የለም በቃ» አለ። «አሁን ነው የደወሉት። ወደ ገደብ እያመጧት ነው። ልጁ አልሰማም። ታላቅ ወንድሙ ከገደብ ይመጣል፣ ሽማግሌዎችም ይመጣሉ፣ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ቤት እናረዳዋለን። እስከዚያ ሰው እንዳይነግረው። እስኪመሽ እናንተ ያዙልኝ። ስልኩንም እንዳያይ።»

ነርሷ ማልቀስ ስትጀምር ገሠጻት። «አሁን አይደለም። ሲስቅ ሳቁ፣ ሲበላ ብሉ። ጠዋት እናለቅሳለን።»

አጎቱ የጠየቀን በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። የእናት ሞት በስልክ፣ በመንገድ፣ በቀትር አይነገርም። ወገን ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ደጃፍ ድረስ ተሂዶ ነው የሚነገረው። ቀድሞ ማውጣት ነውር ነው። ልጁ ደንግጦ ራሱን ቢጥል ተጠያቂው አፉን ያልጠበቀው ሰው ነው። ይህንን ስለማውቅ አጎቱ እንደወጣ «እኔ አልችልም» አልኳት ነርሷን። እኔ እንኳን የሰው እናት ሞት፣ ያላረምኩትን የተማሪ ደብተር መደበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ።

«ቀላሉን እንጫወት» አለች ነርሷ ፊቷን በውኃ እያበሰች። «እዚያ ማንም አይሞትም።»

ያን ቀን ቀላሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። ሁለቱን ገጽ አውጥቼ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩ፤ ከባዱን መጽሐፍ ከሚስማር ካርቶን ሥር ደበቅኩት።

የገደቡ ሙዝ በፌስታል ይዞ እየሳቀ ገባ። ገና ሳይቀመጥ «እናቴ እኮ ትናንት ገንፎ ቀመሰች!» አለን። «እህቴ ናት የነገረችኝ። ገንፎ ከበላች በቃ፣ እናቴን አውቃታለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ነርሷ። እኔ ሙዝ ላጥኩ። «ስልክህን ወዲህ በል፣ ዘፈን ልውሰድ» ብላ ተቀበለችውና ድምፁን አጥፍታ በቀሚሷ ኪስ ከተተችው። እንዴት ያለች ጎበዝ ናት ብዬ አደነቅኳት፤ ከዚያ ወዲያው ኪሷ ውስጥ ሲነዝር ሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። ነርሷ መቀመጫዋን እየጎተተች ድምፁን ለመሸፈን ትሞክራለች፤ እኔ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

የገደቡ ሁለቱን ገጽ አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ምንድነው?»

«ዛሬ ቀላሉን ብንጫወት ብለን…»

«ቀልድ ነው? የእኔ አይጥ አዳኝ ሆዱን በጦር ተወግቶ ሐዋሳ ከሄድኩ ጀምሮ ዋሻ ውስጥ ተኝቷል። ቡና እየመዘንኩ ስለ እሱ ነው የማስበው። ዛሬ ወይ ይዳን ወይ ይሙት እንጂ እንዲህ አንጠልጥለሽው አትሄጂም!»

«እሺ በቀላሉ ሕግ እናድነውና…»

«እንዴት እንዴት! በከባዱ ቆስሎ በቀላሉ ይድናል?» ሳቀብኝ። «አንቺ ነሽ ደግሞ እንዲህ የምትዪው? አሞሻል እንዴ?»

አሁንም ብጨቀጭቀው እንደሚጠረጥር ገባኝ። ነርሷን አየኋት፣ ነርሷ ጣሪያውን አየች። መጽሐፉን ከካርቶኑ ሥር አወጣሁት።

እንደ ምንም ጀመርን። ዋሻው ውስጥ ዝናብ ያንጠባጥባል አልኩ፣ የነርሷ ሰው እሳት ለማንደድ ሞከረች፣ እርጥብ እንጨት ነው አልኩ። አንደበቴ የለመደውን ይላል፣ ጆሮዬ ግን መንገዱ ላይ ነው። የሚኒባስ ረዳት «ገደብ! ገደብ!» እያለ ሲጮህ ደነገጥኩ፤ ከእነዚህ ረዳቶች ግማሾቹ አብሮ አደጎቹ ናቸው፣ አንዱ አየት አድርጎ «ነፍስ ይማር ወንድሜ» ቢለውስ? እናቴም ሰምታ ሊሆን ይችላል፤ እናቴ ደግሞ ሐዘን አትችልም፣ በሩ ላይ ቆማ ካየችው ማልቀሷ ነው። ወዲያው የሱቁ የፊት በር ተንኳኳ።

ሄጄ በጠባቡ ከፈትኩ። የአጎቱ ጎረቤት ነው። «ሚስማርና ገመድ ፈልጌ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ጠዋት ለምንተክለው ድንኳን። ልጁ እዚህ ነው አሉ?» አንገቱን በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሊያይ ሲል በሩን ደረቱ ላይ ገፋሁበት። የሚስማሩን መጠን እንኳ አልጠየቅኩትም። እፍኝ ሙሉ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ገመዱን ከነጥቅሉ አስታቀፍኩትና ዘጋሁበት።

ስመለስ የገደቡ «ማነው?» አለኝ።

«ሚስማር ፈላጊ።»

«በእሁድ?»

«ጣሪያው አፍስሶበት» አልኩ።

ከዚያ መጣ፣ የፈራሁት። ቁስሉ ካመረቀዘ በኋላ ሕጉ ግልጽ ነው፤ አንድ ቆርኪ ይወጣል፣ ከስምንት በታች ከሆነ ቁስለኛው ይሞታል። ቁስለኛው ራሱን ስቶ ከሆነ ደግሞ የሚያወጣለት አጫዋቹ ነው። አይጥ አዳኙ ራሱን ስቷል። ልዘለው ብዬ ገጽ ገለበጥኩ። የገደቡ ግን መጽሐፉን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል፤ «የትኩሳቱን ቆርኪ አላወጣሽለትም» አለኝ። ከረጢቱን ወደ እኔ ገፋና ሁለት እጁን ጭኖቹ መሐል አድርጎ ጠበቀ። እናቱ ገንፎ የቀመሰች ሰው ፊት ነበረው።

እጄን ሰደድኩ። እባክህ ትልቅ ቁጥር፣ እባክህ፣ አልኩ በልቤ። አወጣሁና በመዳፌ ከልዬ አየሁት። አራት ነው።

«አሥራ አንድ» አልኩ፤ «ትኩሳቱ ለቀቀው።» ቆርኪውን ወደ ከረጢቱ መለስኩና አፉን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

የገደቡ ከረጢቱን አየው፣ ከዚያ ባዶውን የጠረጴዛ መሐል አየው።

«ጠረጴዛ ላይ አላስቀመጥሽውም» አለ።

«ረሳሁት።»

«አንቺ?» ድምፁ ገና ቀልድ ነበረበት። «በልደቴ ቀን ገድለሽኝ ኬኬን የበላሽ ሴት? ዛሬ ለምን ራራሽልኝ?»

«አልራራሁም አልኩህ!» ጮኽኩበት። ለምን እንደጮኽኩ አላውቅም፤ ስፈራ ቁጣ ይቀድመኛል። በዚህ መሐል የነርሷ ኪስ እንደገና ነዘረ። የገደቡ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ነርሷ ዓይኗን መሬት ተክላ ነበር፣ እንባዋ ግን ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል።

«ስልኬን ስጪኝ» አላት፤ እጁን ግን አልዘረጋም። እንባዋን አይቶ «እናቴ ናት?» አለ።

አይደለችም ብንል ውሸት፣ ናት ብንል ነውር። ቀላሉን ጨዋታ ብጫወት ኖሮ፣ ወይም አራቱን አራት ብዬ አይጥ አዳኙን ብገድለው ኖሮ ምንም አያውቅም ነበር። እንደ ወትሮዬ ጨካኝ ብሆን እናቱ እስከ ጠዋት በሕይወት ትቆይለት ነበር። ይህ ሐሳብ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ መጣብኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

«ማነው የሚያረዳኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ወንድምህ» አለች ነርሷ። «ከገደብ እየመጣ ነው። ጠዋት።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው አልሰማሁም። ወንድሜ ያን ሁሉ መንገድ ምን ብዬ እነግረዋለሁ እያለ ነው የሚመጣው። አጎቴም እናንተን አምኖ ነው። አልሰማሁም፣ እሺ? አልነገራችሁኝም።» እውነት ነው አልነገርነውም፤ እንዲህ ሆኖ ነው እንጂ። «ከረጢቱን ስጪኝ።»

«ተወው በቃ» አልኩት።

«ስጪኝ። የእኔ ሰው ነው።»

ሰጠሁት። ያሰርኩትን ለመፍታት ጣቱ እምቢ ስላለው ነርሷ ፈታችለት። ሳያይ አወጣና ቆርኪውን በደንቡ መሠረት ጠረጴዛው መሐል፣ ቁጥሩን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠ። አሥራ ሰባት ነው። ሦስታችንም አየነው። እሱ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ይሄኛው ዳነ» አለ።

ከዚያ ግንባሩን መጽሐፉ ላይ ጥሎ አለቀሰ፤ ድምፅ እንዳይወጣው እጅጌውን ነክሶ። ነርሷ ጀርባውን ይዛ ነበር። እኔ የግቢውን በር ልዘጋ ሄድኩና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ሰምታ ኖሯል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝና ተመለሰች።

ማምሻውን አጎቱ ሲመጣ የገደቡ ፊቱን ታጥቦ፣ ሙዝ እየበላ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። አጎቱ «ምነው?» ሲል «ይቺ ሴትዮ የእኔን ሰው ልትገድልብኝ ነበር» አለና ሳቀ፤ ሳቁን አይቼ መሸሸጊያ አጣሁ። አጎቱ ጨዋታችንን ከዕብደት ለይቶት ስለማያውቅ አልተገረመም። ክንዱን ይዞት ሄደ።

እኔ የዚያን ሌሊት ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ጠዋት ሲነግሩት ባያለቅስስ? ወይም ማስመሰሉ ቢታወቅበት? ወንድሙ «ማነው ቀድሞ የነገረው?» ቢልና በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ዓይኖች ወደ እኛ ቢዞሩ?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን አጎቱ ግቢ ቆምን። ገና አልነጋም፤ ሽማግሌዎቹ አጥሩን ተጠግተው ተደርድረዋል። በሩ ተንኳኳ። የገደቡ በሸሚዝ ብቻ ወጣና «ምነው? በሰላም ነው?» አለ፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ድምፅ ነበር። ወንድሙ «እናታችን…» ብሎ ሳይጨርሰው የገደቡ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት አስመስሎ የሚጮህ ሰው የለም። መሬት ወደቀ፣ ወንድሙም አብሮት ወደቀ፣ ሴቶቹ እየየውን ጀመሩት። የፈራሁት ሁሉ ከንቱ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ማወቅ ለብቻው ነው፣ መረዳት ለብቻው ነው።

ነግቶ መኪናው ወደ ገደብ ሊነሳ ሲል አጎቱ ወደ እኛ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲቀበል፣ ወንበር ሲያስቀምጥ፣ ሌላውን ሲያጽናና ነው ያደረው። ዓይኑ ደረቅ ነበር።

«ተባረኩ ልጆቼ» አለን። «ሳይሰማ አቆያችሁልኝ።»

ነርሷ አቀረቀረች። እኔ «አሜን» አልኩ።

«ጥሩ ነው እንዲህ» አለ ባርኔጣውን እያዞረ። «ሰው ተሰብስቦ ሲነግርህ። እኔን በስልክ ነው የነገሩኝ። ሱሪ እየለካሁ፣ ብቻዬን ቆሜ።» ሊቀጥል ሲል ባርኔጣው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ብሎ መነሳት ሲያቅተው እኔና ነርሷ ደግፈን ያዝነው፤ ከትናንት ወዲህ እሱን የያዙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ ነበርን።